የውኃ ክኒን

የሺመቤት ግራ እግሯን ጫማው ውስጥ ለማስገባት ለሦስተኛ ጊዜ ታገለች፤ አልገባም። ለፋሲካ ሲገዛላት እንኳ ሰፍቷት የነበረ ጫማ ነው። ትንፋሿ እስኪመለስ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ልጇን ቤዛዊትን ለመጠየቅ ሽማግሌዎች በአራት ሰዓት ይመጣሉ ተብሎ ይኸው አምስት ሊሆን ነው።

"ኢምፔሪያል ጋ መንገድ ተዘግቶባቸው ነው አሉ" አለ ባሏ ሽፈራው በበሩ ብቅ ብሎ። ሲያያት ፊቱ በራ። "እንዴት አምሮብሻል! ከሆስፒታል ስትወጪ አጥንትሽ ይቆጠር ነበር እኮ። አሁን ፊትሽ ሞላ፣ ሰው መሰልሽ። ተመስገን!"

ሰሞኑን ያያት ሁሉ የሚላት ይህንኑ ነው፤ ወፈርሽ፣ ተመቸሽ። እሷም ደስታቸውን ላለመንጠቅ ፈገግ ትላለች። እውነቱ ግን ትራሷ ሥር ባለው ደብተር ላይ ተጽፏል። ሐሙስ ስልሳ አንድ ኪሎ፣ ዓርብ ስልሳ ሁለት፣ ቅዳሜ ስልሳ ሦስት፣ ዛሬ እሑድ ስልሳ አራት።

ከወር በፊት በልብ ድካምና በስኳር አሥራ አንድ ቀን ተኝታ ስትወጣ፣ ደብተሩን የሰጠቻት ነርሷ ሲስተር ማራናታ ናት። "እናቴ፣ ጠዋት ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ይመዘኑ" ብላት ነበር። "በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ከጨመሩ ሥጋ እንዳይመስልዎት፣ ውኃ ነው። ሳንባዎ ሳይሞላ ይምጡ። ቀጠሮ አይጠብቁ።"

የሺመቤት ሰነፍ በሽተኛ አይደለችም። ኢንሱሊኗን በሰዓቱ ትወጋለች፣ ጨው ከተወች ቆይታለች። ያስቸገራት ቤተሰቡ "የውኃ ክኒን" የሚለው፣ ሽንት የሚያሸናው መድኃኒት ነው። አንዷን ከዋጠች እስከ ቀትር ስድስት ጊዜ ሽንት ቤት ያመላልሳታል። ገርጂ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ውኃ ከጠፋ አምስት ቀኑ። ሽፈራው ለሚ ኩራ ድረስ ሄዶ በሰው መኪና ያመጣው ስምንት ጀሪካን ለእንግዶች ነው። እሷ ሽንት ቤት በገባች በወጣች ቁጥር ውኃው ሲደፋ ታያትና ሐሙስ ዕለት "እሑድ ይለፍ ብቻ" ብላ ክኒኑን ተወችው። ለእንግዳ ስትቆጥብ በገዛ ገላዋ ውስጥ አጠራቀመችው። ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራት ሌሊቱንም ተቀምጣ ነው ያነጋችው።

ቤዛዊት ጸጉሯን ተሠርታ ገባችና የእናቷን ባዶ እግር አየች።

"ማሚ፣ ይሄ እግር ምንድነው?"

"ጫማው ነው የጠበበኝ።"

ልጅቷ ተንበርክካ ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው። ጉድጓዱ እንደ ሊጥ ሳይሞላ ቀረ።

"የውኃ ክኒንሽን ውጠሻል?" አለች። ከትራሱ ሥር ደብተሩን መዝዛ ቁጥሮቹን አየች። "አሁኑኑ እንሂድ።"

"አበድሽ እንዴ? ሽማግሌ መንገድ ላይ ትቼ? ነገ በጠዋት እሄዳለሁ።"

"ለነገ ባትደርሺስ?"

"ቀስ በይ! እናቷ የልብም የስኳርም በሽተኛ ናት ቢባል ይሸሹሻል። በዘር ነው ይሉ የለ?"

ደወሉ ጮኸ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ገብተው እንደ ወጉ አልቀመጥ አሉ። "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ አቶ አምደሚካኤል፣ ነጭ ጋቢ የለበሱት አንጋፋው። እነሱ ከቆሙ የሺመቤትም ቆመች፤ ነጠላዋን እግሯ ላይ ዘረጋግታ ግድግዳውን ተደገፈች። ንግግሩ ረዘመ። ከአዳም ተነሣ፣ በአብርሃም አለፈ። እሷ የምትሰማው የራሷን ደረት ብቻ ነበር፤ ትተነፍሳለች፣ አየሩ ግን አይደርስም። ፈራች። እዚሁ ብወድቅ የልጄ ቀን የእኔ ለቅሶ ይሆናል ብላ ፈራች።

"ወይዘሮ የሺመቤት ታመው ነበር ሲሉን አዝነን ነበር" አሉ አቶ አምደሚካኤል ወደ እሷ ዞረው። "ዛሬ ግን ወፍረው፣ አምሮብዎት አገኘንዎት። ክብሩ ይስፋ!"

"ተመስገን!" አለ ቤቱ ሁሉ፤ ከሁሉም አስበልጦ ሽፈራው።

በመኝታ ቤቱ በር ክፍተት ቤዛዊት ደብተሩን ደረቷ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። የሺመቤት አየቻት።

"ውፍረት አይደለም አባቴ" አለች። "ውኃ ነው።"

ነጠላዋን ከእግሯ ላይ ገለጠች።

"የልብ በሽተኛ ነኝ፣ ስኳርም አለብኝ። ደብቄ ልድራት ነበር፤ ይቅር በሉኝ። እኛም መምከር አለብን፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ። የእናንተ ቀጠሮ ይደርሳል፤ የእኔ ግን ዛሬ ነው።"

"ውፍረት መስሎኝ…" አለ ሽፈራው። መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት አቶ አምደሚካኤል ናቸው። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉና "መኪናችን ደጅ ነው፤ ልጅቷም ትምጣ፣ ትደግፍዎት" አሉ።

የሺመቤት ጫማውን ትታ የሽፈራውን ሸበጥ አጠለቀች። በልጇ ክንድ ተደግፋ ስትወጣ በሽንት ቤቱ በር ተደርድረው ያሉትን ጀሪካኖች አይታ ቆመች።

"ሽፈራው" አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ "ይሄን ውኃ ማንም እንዳይነካው። የእኔ ነው።"