ሦስተኛው መሰናክል

ሥራዬ የሆቴል አንሶላ ማጠፍ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ቆሜ አጥፌያለሁ። የአንሶላ ጠርዝ ከጠርዙ ካልገጠመ አራግፎ ከመጀመሪያው ማጠፍ ነው፤ ሌላ መድኃኒት የለውም። እኔ ያጠፍኩት ተደርድሮ ሲታይ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። አለቃችን ለአዲስ ገቢዎች "እሷን እያያችሁ ልመዱ" ይላቸዋል።

ይህንኑ አመሌን ይዤ የጎልማሶች ትምህርት ክፍል ፊደል ልማር ገባሁ። እዚያ ግን ጉድ አፈላብኝ። ሳነብ አንድ ቃል ካደናቀፈኝ እንደ አንሶላው አራግፌ ከመጀመሪያው መስመር እጀምራለሁ። መምህራችን ለፈተና የሚሆን ገጽ ለእያንዳንዳችን ለየብቻ ከሰጠን ሁለት ወር ሆኖናል። ገጹን ክፍሉ ፊት ቆሞ በአሥር ደቂቃ የጨረሰ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ያልፋል፤ ያልጨረሰ ዓመቱን ይደግማል። እኔ አንዴ ደግሜያለሁ።

የደረሰኝ ገጽ በዝናብ ቀን ነፋስ ከቀፎዋ ስላራቃት ንብ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት መስመሮች እንደ ውሃ ጠጥቻቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ንቧ ምን እንደሆነች አላውቅም። ዘልሎ መጨረሻውን ማየት ማጭበርበር መሰለኝ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ግን አንሶላዬን እያጠፍኩ አስባታለሁ፤ ሆዴ ይባባል።

አጠገቤ የሚቀመጠው የባንክ ዘበኛ "እትዬ፣ ዛሬም ያቺን ምስኪን ነፋስ ላይ ጥለዋት ሊሄዱ ነው?" ይለኛል። ክፍሉ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን አይስቅም።

ልጄ የመሰናክል ሯጭ ናት፤ ከአገሪቱ ምርጦች አንዷ። አሥር መሰናክል እየዘለለች ትሮጣለች። እኔ ግን ማየት አይሆንልኝም። ፈተናዬ ሰኞ ሊሆን ቅዳሜ ዕለት "ዛሬስ ሞቼ እገኛለሁ፣ ትመጫለሽ" ብላ ስታዲየም ወሰደችኝ። ከመሮጫው ዳር፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ አስቀመጡኝ።

ተኩሱ ሲሰማ ሻሼን ዓይኔ ላይ ሳብኩ፤ በጎን ግን አጮልቄ አያለሁ። አንዱን ዘለለች። ሁለተኛውን ዘለለች። ሦስተኛውን በእግሯ መታችውና ጓ! ብሎ ተጋደመ።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ቦርሳዬን በብብቴ ይዤ፣ አጥሩን ተሻግሬ መሮጫው ላይ ገባሁ። መሰናክሉን ለማቆም ስታገል አንድ ዳኛ ክንዴን ያዘኝ።

"እናቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ላቃናላት ነዋ! ተመልሳ ስትመጣ ምኑን ትዘላለች?"

"ማን ናት የምትመለሰው?"

"ልጄ ናታ! ይህን ጥላ የት ትሄዳለች?"

ዳኛው ሳቁ አመለጠው። በጣቱ ወደ ማዶ አሳየኝ። ልጄ መጨረሻው መስመር ላይ እጆቿን ዘርግታ ቆማለች፤ አንደኛ ወጥታ! እኔ ብረት ሳነሣ አመለጠኝ።

እያለከለከች መጣች።

"እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?"

"ወደቀብሽ እኮ!"

"ይውደቃ! ጊዜ ይበላብኛል እንጂ ከውድድር አያስወጣኝም። ለአንዱ ብዬ ብመለስ የቀሩትን ሰባቱን ማን ሊዘልልኝ ነው? አንቺ?"

"ታዲያ ዝም ብሎ ይታለፋል?"

"ልምምድ ላይማ መቶ ጊዜ እመለሳለሁ። ውድድር ላይ ግን የማየው ከፊቴ ያለውን ብቻ ነው። የወደቀውን አሠልጣኜ ይጽፈዋል፤ በማግስቱ እንሠራበታለን።"

"እኔ እኮ" አልኳት፣ "ሁለት ወር ሙሉ ሦስተኛውን መሰናክል ሳነሣ ነው የከረምኩት።"

የንቧን ነገር ስነግራት በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ ገጹን ከቦርሳዬ አውጥታ ከመሮጫ ጫማዋ ጋር ጠቀለለችው።

"ምነው! ነገ ላጠናው ነበር እኮ!"

"ውድድር ሲኖረኝ ዋዜማውን አልሮጥም። አንቺም አታነቢም። ልምምዱን እንደሆነ ጠግበሽዋል።"

እሑድ ቤት ውስጥ ያልታጠፈ ነገር አልቀረም። መጋረጃውን ሳይቀር አውርጄ አጠፍኩት።

ሰኞ ገጼን ከልጄ ተቀብዬ ክፍሉ ፊት ቆምኩ። ልጄ በሩን ተደግፋ ታየኛለች። ሦስቱ መስመሮች ያለ ችግር አለፉ። አራተኛው ላይ ያ ረጅም ቃል ገተረኝ። እጆቼ አንሶላ እንደሚያራግፉ ሁሉ ከፍ አሉ። ዘበኛው አላስችል ብሎት ብድግ አለና ቃሉን ሊያቀብለኝ አፉን ከፈተ።

"ይተዋት ጋሼ!" ብላ ጮኸች ልጄ። "ትሩጥ!"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን ሮጥኩ። ቃሉን ገጭቼው አለፍኩ። አምስተኛው መስመር ዓይኔ አይቶት የማያውቅ አገር ነበር። ስምንተኛው ላይ ሌላ ቃል ጣልኩ፤ ወደ ታች ወረድ ብዬ ሌላ። ንቧ ቅጠል ሥር ተጠለለች። ዝናቡ አባራ። ከሩቅ የጓደኞቿን ድምፅ ሰማች፤ ተነሥታ በረረች፣ እኔም ከኋላዋ፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፤ ከዚያ ገጹ አለቀ።

"ገባች!" አልኩ። "ሰዎች፣ ቤቷ ገባች እኮ!"

መምህሩ ሰዓቱን አየ። "ስምንት ደቂቃ። ሦስት ቃል ስተዋል። አልፈዋል።"

ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። እኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ የወደቁትን ሦስቱን ቃላት በእርሳስ አሰመርኩባቸው፤ ነገ እሠራባቸዋለሁ።

ዘበኛው ወደ እኔ ጠጋ አለ። "እትዬ፣ ለመሆኑ ንቧ ስትደርስ ማን ተቀበላት?"

"ገጹ አይናገርም" አልኩት።

"እናቷ ናታ!" አለች ልጄ ከበሩ። "አጥር ተሻግራ፣ ቦርሳዋን በብብቷ ይዛ።"