ከነጫማዋ

የልጄን የቤርሳቤን የብረት ጫማ ፈትቼ፣ የራሴንም አውልቄ፣ እሷን አዝዬ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ ከገባሁ በኋላ ነው ደጃፉ ላይ ከእኛ በቀር የማንም ጫማ እንደሌለ ልብ ያልኩት። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ከነጫማቸው ነበሩ። ካቶሊኮች እንዲህ ናቸው እንዴ? ወይስ ሴቶቹ ረስተው ነው?

ቤርሳቤ ጀርባዬ ላይ ሆና ፊቷን ነጠላዬ ውስጥ ቀበረች። ልታለቅስ ስትል እንደዚያ ነች።

በሕፃንነቷ ፖሊዮ እግሯን ያዛት። መታዘል ማፈር ከጀመረች ወዲህ በምንኖርበት በአቦቦ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ነው የምታስቀድሰው። ዘንድሮ ጋምቤላ ክሊኒክ ብረት የተገጠመለት ጫማ ሰጧት። ያለ እሱ አትቆምም። ዛሬ ማሰሪያውን አሰፍተን ስንመለስ ይህን ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ቤተ ክርስቲያን አይታ፣ በእግሬ ገብቼ እስከ ፊት ድረስ ልሂድ አለችኝ። እሺ ብያት ነበር። በሩ ጋ ስንደርስ ግን እጄ እንደለመደው ፈታው።

ሴቶቹ ጋሽ ኦሞድ የሚሏቸው ዘበኛ ቁልፍ ይዘው ሲመጡ ሊያስወጡን መሰለኝ። ጋምቤላ ክልል ከሆነ ወዲህ እኛ ከደጋ የመጣን ሰፋሪዎች በማናውቀው በር ስንገባ እንሳቀቃለን። እሳቸው ግን ጫማዎቹን አይተው ሳቁ።

«እህቴ፣ እዚህ ጫማ አይወልቅም። ውጪ ከተውሽው ፍየል ይበላዋል።»

እና መልሼ ላጥልቅላት? እቤተ ክርስቲያን ውስጥ? የነፍስ አባታችን ቢሰሙስ? ብትወድቅ ደግሞ ቅጣት ነው ይባል ይሆን?

«እማዬ» አለችኝ ጆሮዬ ሥር፣ «እሺ ብለሽኝ ነበር።»

እሷን አግዳሚው ላይ አስቀምጬ፣ ጫማዋን አምጥቼ ተንበረከክሁ። የማሰሪያው ቀዳዳ ጠፋብኝ። ሴቶቹ ወጡ። ጋሽ ኦሞድ ሊመሽ ነው፣ ልቆልፍ ነው እያሉ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ቤርሳቤ ተነሣች። ብረቱ ሲሚንቶው ላይ ቋ፣ ቋ ይላል። እኔ በባዶ እግሬ፣ እጄን ዘርግቼ ከኋላዋ። መሐል ላይ ስትንገዳገድ ልይዛት ስል ጋሽ ኦሞድ ከወንበራቸው ተነሥተው ደርሰው ነጠላዬን ያዙ።

«ተያት።»

ፊት ደረሰች። ቆመች። ምን እንዳለች አልሰማሁም። ከዚያ ዞራ፣ ላብ በላብ ሆና፣ በእግሯ እስከ በሩ ተመለሰች፤ የደጃፉን ስድስት ደረጃም አንድ በአንድ ወረደች።

ላመስግን ወይስ ይቅርታ ልጠይቅ ግራ ገባኝ። ጥፋት ሠርተን ይሆን ብዬ ጋሽ ኦሞድን ጠየቅኋቸው። ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት ይከፈታል አሉኝና በሩን ቆለፉ።