መንደር ሁለት ስም ሲወጣለት

አባዬ መሞቱን የሰማነው ቅዳሜ ጠዋት፣ እሱ ራሱ ዙሪክ፣ ዜባህ ሰፈር ቤታችን ምድጃው ፊት ቆሞ ቂንጬ ሲያማስል ነው። የደወሉት እትዬ ተናኘወርቅ ናቸው። ጄኔቭ አንድ አምባሳደር ቤት ነው የሚሠሩት፤ የአባዬ አገር ልጅ ናቸው።

«ጋሽ ደጀኔ፣ ነገ መንደር ሁለት ስብሰባ አለ። ከተማ ሆኗል፣ ማዘጋጃ ቤት ሊከፈትለት ነው። ‹ደጀኔ ከተማ› ሊሉት ነው፣ በእርስዎ ስም» አሉ።

አባዬ ማማሰሉን ተወ።

«ግን የሟች መታሰቢያ ብለው ነው። ካቻምና ተዝካርዎን አውጥተዋል።»

አባዬ ትንሽ አሰበና «ጠላው እንዴት ነበር?» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰባ ሰባት ድርቅ ጊዜ መንግሥት ከወሎ ሰው እየጫነ ጫካ መሃል ሲያራግፍ ለመንደሮቹ ስም እንኳን አላወጣም፤ ቁጥር ሰጥቷቸው ሄደ። አባዬ መጀመሪያ ከደረሱት ጎረምሶች አንዱ ነበር። በኋላ በዘጠና ሰባት ለፓርላማ ተወዳድሮ አሸነፈ፤ ከዚያ እስሩ ሲመጣ በሱዳን አድርጎ ወጣ። አንድ የሰፈር ሰው «ከደጀኔ ጋር በስልክ አውርተሃል» ተብሎ ስለታሰረ፣ አባዬ ሁለተኛ አልደወለም። እትዬ ተናኘንም ለማንም እንዳይናገሩ አስማላቸው። እዚያ ደግሞ እንደዚያ ድምፁ የጠፋ ሰው ይለቀስለታል።

«አሁን እኮ ጊዜው ተቀይሯል። ደውልና አለሁ በላቸው» አልኩት።

«እኛ ጋ በቁሙ ላለ ሰው አገር አይሰየምም። የቆመ ሰው ነገ ምን እንደሚያበላሽ አይታወቅማ። ደግሞስ ይኸን ሁሉ ዓመት የት ነበርክ ቢሉኝ? እነሱ ሲታሰሩ እኔ እዚህ ሰሃን ሳጥብ…»

«ስለዚህ ሞተህ ልትቀር ነው?»

«ዝም ብዬ እሰማቸዋለሁ። መስማት ብቻ ነው የምፈልገው።»

«እሺ፣ አባት ከምትሆን ከተማ ብትሆን ይሻልሃል» አልኩት። እኔ መቼም አላርፍም።

እሑድ እማዬ ሥራ ስለነበረች ሁለታችን በባቡር ጄኔቭ ወረድን፤ ሻትሌን የሚባል ሰፈር፣ እትዬ ተናኘ ቤት። እህታቸው እትዬ መስታወት እዚያ መንደር ሁለት፣ ስብሰባው መሃል ስልካቸውን ከፍተው ይዘዋል። የምትሰማው እህታቸው ብቻ ትመስላቸዋለች እንጂ ሟቹም አብሮ ሶፋ ላይ መቀመጡን አያውቁም።

ሰብሳቢው ጋሽ አስፋ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። «የዚህ አገር መጀመሪያ ሰው ደጀኔ ነው» አሉ። «ከመኪናው ቀድሞ የወረደ እሱ። ጫካውን የመነጠረ እሱ። የመጀመሪያውን የውሃ ጉድጓድ ብቻውን የቆፈረ እሱ።»

አባዬ ተቁነጠነጠ።

«አንበሳም ገድሏል» አለ ሌላ ሰው።

«ኧረ ውሸት ነው» አለ አባዬ፣ ጮክ ብሎ።

እትዬ ተናኘ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አባዬ ግን አንዴ ከጀመረ አይመለስም። «ጉድጓዱን የቆፈራችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ ወባ ይዞኝ መኪናው ጥላ ሥር ተኝቼ ነበር። አስፋ፣ ውሃ በጣሳ ያመጣህልኝ አንተ አይደለህም እንዴ?»

እዚያ ማዶ እትዬ መስታወት «በስመ አብ» ሲሉና ስልኩ መሬት ሲወድቅ ተሰማ። አንድ ሰው አነሳው።

«ማነህ አንተ?» አሉ ጋሽ አስፋ።

«ደጀኔ ነኝ።»

«ደጀኔማ ሞቷል።»

«አዎ፣ እኔም ትናንት ሰማሁ።»

«ውሃውን ስሰጥህ ምን አልከኝ?»

«ጭቃ ጭቃ ይላል አልኩህ። አንተም ‹እንግዲያው ወሎ ተመለስና ጠጣ› አልከኝ።»

ጋሽ አስፋ አለቀሱ። «አንተ ውሻ፣ ለቅሶህ ላይ ድምፄ እስኪዘጋ ነው ያለቀስኩት» አሉ።

ወዲያው ከኋላ አንዱ «እንግዲህ በሕይወት ካለ ስያሜው ይቀራል» አለ። ሰዉ ተንጫጫ። አባዬ ፊቱ ጠቆረና «ልክ ነው፣ ይቅር። ጠፍቼባችኋለሁ» አለ።

«ቆዩ» አሉ እትዬ መስታወት። «የጠፋው እኛ እንዳንታሰር መሆኑን ያላወቀ እዚህ አለ? በዘጠና ሰባት ዝናብ እየደበደበኝ ተሰልፌ መርጬው ነበር። ወሰዱብኝ። አሁን ደግሞ ሳይሞት ተገኘ ብላችሁ ሁለተኛ ልትወስዱብኝ ነው? እጅ ይውጣ።»

«የምትደግፉ» አሉ ጋሽ አስፋ። ጋቢ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። «አውርዱ፣ በቃ፣ ቆጥሬም አልዘልቀው። የምትቃወሙ?»

ሻትሌን ሶፋ ላይ አባዬ እጁን አወጣ።

«አያዩህም እኮ» አልኩት በሹክሹክታ።

«እዚህ አንድ ተቃውሞ አለ» አለ ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ።

«የማን?»

«የእኔ።»

«ተሸንፈሃል» አሉ ጋሽ አስፋ። «ቅሬታ ካለህ በአካል መጥተህ አቅርብ። በስልክ አንቀበልም።»

አባዬ እየሳቀ እንባውን በእጅጌው ጠረገ። ዙሪክ እስክንደርስ ዝም አላለም፤ ክረምት መንገዱ ጭቃ ስለሆነ የሚሻለው ከመስከረም በኋላ ነው፣ አንቺም ትምህርት ቤትሽን ፈቃድ ጠይቂ፣ ጫማሽም እንዲህ ያለ ነጭ መሆን የለበትም።