አራት አዲስ ኖዝል

ፍሬሰላም ፒካፑን ቆቦ ጋራዤ ሲያስገባት የኋላ በሯ በጥይት ተበሳስቷል፤ የጭነቱ ወለል ላይ ታጥቦ ያልለቀቀ ደም አለ። የአጎቱ ልጅ ደም ነው። ከሳምንት በፊት ከዋጃ ገበያ ሲመለሱ መኪናዋ ደረቁ ወንዝ ላይ፣ አሸዋው መሀል ጉልበት አጥታ ቆመች፤ ደመኞቹ እነ አላምረው ከግራር ሥር ተነስተው ተኮሱባቸው። ፍሬሰላም በደረቱ እየተሳበ አመለጠ። ልጁ እዚያው ሞቶ ቀረ።

የጠቡ መነሻ የጎርፍ ውሃ ነው። ክረምት ላይ የፍሬሰላም ታላቅ ወንድም «ውሃዬን ጠለፍከኝ» ብሎ የአላምረውን ወንድም በዶማ ፈልጦት ጠፋ። ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ለእርቅ ተቀመጡ፤ ሦስቱንም ጊዜ አላምረው ረግጦ ወጣ። ገዳዩ ከጠፋ የደሙ ዕዳ ወደሚቀጥለው ወንድም ያልፋል። ይህን ልማድ ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ የኔ መፍላት ግን የማንንም ጠመንጃ አያወርድም።

«አያ ኑሀ» አለኝ ፍሬሰላም፣ «ቤቴ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ሌላ መንገድ የለኝም። እዛ አሸዋ ላይ ደግማ ከቆመች ሞቻለሁ።»

ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን አራቱን ኖዝሎች ፈታሁ። በእጅ ፓምፕ ስሞክራቸው፣ እንደ ጉም መርጨት ሲገባቸው ሁለቱ እንደ ሕፃን አፍንጫ ያንጠባጥባሉ። አሸዋ ላይ ጉልበት ያጣችውም፣ ጥቁር ጭስ የምታጨሰውም፣ ከሩቅ እየተንኳኳች የምትመጣውም ለዚህ ነበር።

ወደ ዘኪያ የመለዋወጫ ሱቅ ሄድን። ርካሹን ገና ሳየው መለስኩት፤ ቀዳዳው እንኳ በቅጡ አልተበሳም። ቀጥሎ ያገለገለ ኦሪጅናል አወጣችልን። ርጭቱ አይከፋም፣ ማንኳኳቱ ግን አይጠፋም። መጨረሻ ላይ ከነማሸጊያው ያመጣችው አዲስ፣ ኦሪጅናል ባይሆንም ደህና የተሠራ ነው፤ ማንኳኳቱንም ያጠፋል። ባለፈው ወር ለአላምረው ያው ዓይነት ፒካፕ የገጠምኩትም እሱኑ ነው። መካኒክ ደመኛ መርጦ አይሠራም።

ፍሬሰላም ያገለገለውን በእጁ ይዞ ቀረ። «ይሄ ድምጿን አይቀይረውም አይደል?»

«አይቀይረውም። እንደ ድሮው ትንኳኳለች።»

«እንግዲያ ይሄ ይሁንልኝ። እናቴና አንዷለም በድምጿ ነው የሚያውቁኝ።»

አንዷለም ታናሽ ወንድሙ ነው። ክላሹን ይዞ ማሽላ ውስጥ አድፍጦ ወደ ቤታቸው የሚያስገባውን መንገድ ይጠብቃል። ፍሬሰላም ሲመጣ የመኪናዋን ጡሩንባ አይነፋም፤ ለጠላትም ያሰማልና። ማሽላው ውስጥ ደግሞ ስልክ አይሠራም።

እልሄ መጣ። ሃያ ሁለት ዓመት እጄን ናፍጣ የበላኝ ያረጀ ዕቃ ልመርቅ ነው? «አንተ ሰውዬ፣ ድምፅ ልታዳምጥ ነው ወይስ ልትተርፍ? አሸዋውን አንዴ ከተሻገርክ በሰፈርህ ማን ይነካሃል?»

ሊናገር ከንፈሩን አንቀሳቀሰና ተወው። በእኛ ዘንድ ታላቅ ሲቆጣ ታናሽ አይመልስም። አንገቱን ደፍቶ አዲሱን አነሳ። ዛሬም «ያን ጊዜ ቢመልስልኝ ኖሮ» እላለሁ፤ «እኔ አፌን ብዘጋ ኖሮ» ብል ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ገጥሜ ጨረስኩ። አሮጌዎቹን እንደ ልማዴ በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠሁት፤ ባለመኪና ዕቃው መቀየሩን በዓይኑ ማየት አለበት። ልሞክራትም ብዬ ጠራራ ፀሐይ ላይ አብሬው ተሳፈርኩ።

አሸዋው ውስጥ ስንገባ ፍሬሰላም ነዳጁን ረገጠ። መኪናዋ አንዴም አልተንገራገጨችም። ማዶ ስንወጣ ፍሬሰላም ሳቀ፤ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እኔም ልቤ አበጠ። «ስማ እንጂ፣ ሞተር ማለት ይህ ነው» አልኩት።

መንገዱ ማሽላ ውስጥ ገባ። የጥቅምት ማሽላ ከመኪናዋ ጣሪያ በላይ ነው፤ ውስጡ ያለ ሰው መኪና ይሰማል እንጂ አያይም።

የመጀመሪያው ጥይት መስታወቱን አወረደው። ሁለተኛው የፍሬሰላምን ጉሮሮ በጠሰው፤ ትኩስ ደም ዓይኔንና አፌን ሞላኝ። ሦስተኛው የጆሮዬን ጫፍ ወሰደው። መሪው ተለቀቀና አገዳውን እየሰባበርን ገብተን ቆምን። ሞተሩ ሳያንኳኳ ቀስ ብሎ ይሠራል።

«ውረድ አላምረው» የሚል ድምፅ እየቀረበ መጣ። አንዷለም በሩን በርግዶ አፈሙዙን አስገባ፤ ወንድሙ እቅፉ ውስጥ ወደቀ።

ቁስሉን በመዳፉ ደፈነው። ደሙ በጣቶቹ መሀል ይፈሳል። ሲያቆም አንዷለም ብድግ አለና እኔን በፀጉሬ ጎትቶ አወረደኝ።

«ምን አረግካት?» አለና በሰደፉ መንጋጋዬን መታኝ። ጥርሴ ረገፈ። «ድምጿን የት አረግከው?» ደግሞ መታኝ። አልመከትኩም። ጥይቱ የሱ ነው፤ የገደልኩት ግን እኔ ነኝ፣ ያን ጊዜም አውቄዋለሁ።

ጨርቁ ከመኪናው ወድቆ ተፈታ፤ አራቱ አሮጌ ኖዝሎች አፈር ላይ ተበተኑ። አንዷለም አንዱን አንስቶ አየው። ድምጿ የት እንደሄደ ገባው መሰለኝ፣ መምታቱን ተወ።

ሬሳውን ጭነቱ ላይ፣ የአጎቱ ልጅ ደም ያልለቀቀበት ቦታ ላይ አጋደምነው። አንዷለም አብሮት ወጣ። እኔ ነዳሁ። ቤታቸው ቅርብ ነው።

ደጃፉ ስንደርስ ከውስጥ መቀርቀሪያ ተወረወረ። ቀጥሎ ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማን።

«ልጆቼ የሉም» አሉ እናትየው፣ እትዬ አስረሳሽ። «ዛሬ ደግሞ እስከ ደጄ መጣህ፣ አላምረው? ፍሬሰላሜን ጠብቀህ ልትገድለው? የሱን መኪና ገና ከወንዙ ማዶ በድምጿ ነው የምለያት። መምጣትህን ሰምቶ ከመንገድ ወደ ኋላ ይመለሳል።»

አንዷለምን ዞሬ አየሁት። የወንድሙን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ ደሙን ከፊቱ ይጠርጋል።

ሞተሩን አጠፋሁ። «እትዬ አስረሳሽ፣ ይክፈቱ» አልኩ በተሰበረው አፌ። «የመጣው ፍሬሰላም ነው።»

አላመኑኝም።