አንድ ሞተር አጥፍተናል
ወንድሜ ባለአራት ፕሮፔለር አውሮፕላን ላይ የበረራ መሐንዲስ ነበር፤ አየር ላይ ሞተሮቹን የሚጠብቅ። እኔ የምድር መካኒክ ነበርኩ። ከመጨረሻው በረራው በፊት በሦስተኛው ሞተር ላይ የፕሮፔለሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን ዕቃ የቀየርኩት እኔ ነኝ። ድምፁ አልጣመኝም። ሰዓቱ ደርሶ ስለነበር ፈረምኩ።

በተነሱ በሦስት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ፣ ከባሕር ላይ፣ «አንድ ሞተር አጥፍተናል» ሲሉ በሬዲዮ ተሰሙ። ሌላ ቃል አልመጣም። ስብርባሪም አልተገኘም።

ለቅሶው ላይ የወንድሜ ሚስት ቀና ብላ አየችኝና፣ «የትኛውን?» አለች። አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት በአንድ ግቢ ስንኖር አልደገመችውም።

ጡረታ ስወጣ ያንኑ ዓይነት አውሮፕላን የሚያስበርር ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ አስጫንኩ። አራቱን የሞተር እጀታዎች ከእንጨት ጠርቤ ሳጥን ላይ ተከልኳቸው። ስገፋቸው ኮምፒውተሩ ይሰማል፤ እሱ ግን እነሱን ማንቀሳቀስ አይችልም። ሽቦውን የቀጠልኩት እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ። በየእሑዱ ያንን በረራ በዚያው ጭነት፣ በዚያው ነፋስ፣ ደቂቃ ሳልዘል እበራለሁ። ብልሽት አዝዤበት አላውቅም። ሁልጊዜ በሰላም ያርፋል።

ባለፈው እሑድ የወንድሜ ሚስት የታጠበ ልብስ ታቅፋ ገባች።

«ጋሼ፣ ዛሬም በረራ ነው? ከወንበር ሲነሱ ጉልበትዎ ሲንቋቋ ጎረቤት ይሰማል እኮ!»

«አውሮፕላኑ ጉልበት አይጠይቅም።»

«ተሳፋሪ ይቀበላሉ?»

«ሻንጣ ካላበዛሽ።»

ከኋላዬ ተቀምጣ ልብሱን ታጥፍ ጀመር። በረራው ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው የሞተሮቹ ድምፅ ተዛነፈ። ፕሮፔለሮቹ እኩል አልዞር ሲሉ የሚሰማው፣ ከፍ ዝቅ የሚል ማቃሰት ነው። ወንድሜ ይህን በጆሮው ብቻ ነበር የሚያስተካክለው። ምንም ሳልነካ ድምፁ ቀስ በቀስ ገጠመ።

ልብስ ማጠፏን አቆመች።

«ማን አስተካከለው?»

«እንጃ።»

መዳፌ እጀታዎቹ ላይ ነበር። ሦስተኛው ከሥሩ ተንቀሳቀሰ። ወደ ኋላ፣ ወደ ማጥፊያው። ተጫንኩት። አልታገለኝም፤ ልጆች ሳለን ወንድሜ የያዝኩትን ዕቃ ሊወስድ ሲል ጣቶቼን እንደሚያላቅቀው፣ በትዕግሥት ገፋኝ። ያዝኩት። ስክሪኑ ላይ አራቱም ፕሮፔለሮች ይዞራሉ። እሷ ስክሪኑን እንጂ እጄን አታይም። እንዲህ ይዤው ደቂቃው ቢያልፍ እናርፍ ነበር።

«የትኛውን?» አለች።

የጠየቀችው እኔን አልነበረም።

ግፊቱ ቆመ። እጀታው ከመዳፌ ሥር ዝም ብሎ ጠበቀኝ። ላቤ እንጨቱን አርሶታል።

እጄን አነሳሁ።

ቀስ ብሎ፣ ለብቻው፣ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሄደ። ሦስተኛው ፕሮፔለር ዞሮ ዞሮ እስኪቆም ሁለታችንም አየነው።