«እሺ» እና «ይቅር»

ሴትዮዋ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጆቻቸው የራቋቸው፣ የግራ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደባቸው አሮጊት ናቸው። ይህ ሁሉ መከራ የወረደባቸው ግን ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት አልነበሩም። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው የቢሮው ማሽን ፈጠራቸው፣ ስልክ አስያዛቸው፣ ለዓይን ሐኪም ቤት የተሠራውን አዲስ የቀጠሮ መተግበሪያ አስሞከራቸው፤ አስተያየታቸውንም ራሱ ጻፈላቸው። «በጣም ቀላል ነው፤ ምንም አልተቸገርኩም» ብለዋል።

ዲዛይነሯ አስተያየቱን ደግማ አነበበችው። ድሮ እንዲህ ያለ ቃል የሚመጣው ከሰው አፍ ነበር። ሥራዋ ገጽ መንደፍ ብቻ አልነበረም፤ ከማታውቀው ሰው አጠገብ ተቀምጣ ጣቱ የት ላይ እንደሚያመነታ ታይ ነበር። ሰው አፉ «ጥሩ ነው» እያለ ጣቱ መንገድ ይጠፋዋል፤ ይሉኝታ አፍን እንጂ ጣትን አይዝም። አሁን ገጹን የሚነድፈውም የሚሞክረውም ማሽኑ ነው። ባልደረቦቿ አንድ በአንድ ተሰናብተው እሷ ብቻ ቀርታለች፤ የቀረላት ሥራም «ጸድቋል» የሚለውን መጫን ነው። ከሰው ጋር ሁለት ቃል ሳትለዋወጥ ውላ የምትገባበት ቀን በዝቷል። ብቸኝነቱ ያማታል፤ ለማን ትንገረው?

አለቃዋ በሩ ላይ ብቅ አለ።

«እስካሁን አላጸደቅሽውም? ዛሬ እናስረክባለን ብያቸዋለሁ እኮ።»

«መጀመሪያ ለሰው ላሳየው።»

«ስንቱ አይቶት የለ!»

«የተወለደ ሰው ማለቴ ነው።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «ስሚኝ እህቴ፣ አንቺን ለማቆየት ከበላዮቼ ጋር ምን ያህል እንደተጨቃጨቅኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬ ካዘገየሽው ግን አፌን ሞልቼ የምከራከርልሽ ነገር አይኖረኝም።»

ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

የሐኪም ቤቱ መጠበቂያ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። አንድ ዓይናቸው በፋሻ ከተሸፈነ እናት አጠገብ ቦታ አግኝታ ተቀመጠች፤ ሰላምታ ሰጥታ የመጣችበትን ነገረቻቸውና ስልኩን አቀበለቻቸው።

«እማማ፣ ይኼ ሙከራ ነው፤ የእውነቱ ቀጠሮዎ አይነካም። ቀጠሮ አለዎት፣ እንዳይሰረዝብዎት ይፈልጋሉ እንበል።»

«እንዴታ! ስንት ወር ደጅ ጠንቼ ያገኘሁትን!»

ገጹ «ቀጠሮዎ ይሰረዝ?» ሲል ይጠይቃል። ከሥሩ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ «እሺ» እና «ይቅር»። ሴትዮዋ ስልኩን ወደ ደህናው ዓይናቸው አስጠጉት። ጣታቸው «ይቅር» ላይ ሊያርፍ ደርሶ ተመለሰ። ቀና ብለው ፊቷን አዩ። ልትነግራቸው እየፈለገች በልማዷ ዝም አለች፤ በዚህ ሙያ ከባዱ ነገር ዝምታው ነው።

«እሺ»ን ነኩ። ገጹም «ቀጠሮዎ ተሰርዟል፤ እናመሰግናለን» አለ።

«ለምን ‹እሺ›ን መረጡ፣ እማማ?»

«ታዲያ ‹ይቅር› ልበል እንዴ? ‹ይቅር› ካልኩማ ቀጠሮዬ ቀረ! ደግሞ ሐኪም ቤት ለጠየቀሽ ነገር እሺ ነው እንጂ መልሱ። እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባል የለ?» አሉና ፊቷን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አበላሸሁብሽ መሰለኝ፣ ልጄ።»

«እርስዎ ምንም አላበላሹም። ያበላሸነው እኛ ነን።»

ማሽኑ ከፈጠራቸው አሮጊቶች አንዷም «ይቅር»ን አልፈራችም። ቃሉ «መሰረዙ ይቅር» ማለት እንደሆነ ሁሉም ገብቷቸዋል፤ ቃሉን ከመረጠው ጭንቅላት የወጡ ናቸውና። ሐኪም የሚያፍሩ፣ እምቢ ማለት የሚከብዳቸው አልነበሩም። ስህተቱን በማግኘቷ ደስ አላት። ደስታዋ ግን ከስህተቱ ይልቅ «ልጄ» ከመባሏ መሆኑን ስታውቅ አፈረች።

እዚያው እንደተቀመጠች ለአለቃዋ ደወለች።

«አላጸድቀውም። ሰው ቀጠሮውን ላቆይ ብሎ ይሰርዘዋል።»

«አንድ ሰው ስለተሳሳተ ነው?»

«ያሳየሁትም አንድ ሰው ነው።»

«በቃ፣ ዛሬ አይሄድም» አለ። «ነገ ስትመጪ ግን እኔ ጋ አትምጪ። የሰው ኃይል ክፍል ግቢ፤ እነሱ ያነጋግሩሻል።»

«ገብቶኛል» ብላ ዘጋችው። እንባዋ ቢመጣም አልወረደም።

ነርሷ ከወዲያ በኩል ሴትዮዋን ጠራች። ሴትዮዋ ለመነሳት የዲዛይነሯን ክንድ ያዙ።

«ልትሄጂ ነው?»

«የምሄድበት የለኝም» አለች፤ እውነቷን ነበር።

«እንግዲያው ወንበሬን ጠብቂልኝ። ዓይኔን ለክተውኝ ልምጣና ያንን ነገርሽን አንዴ ታሳዪኛለሽ፤ አሁን አይሸውደኝም።»

ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አኖረች። አዳራሹ ውስጥ ስም ይጠራል፣ በር ይከፈታል፣ ሕፃን ያለቅሳል። ካርዱን በእጁ የያዘ አንድ ጎልማሳ ቦታ ሲፈልግ ቆይቶ አጠገቧ ደረሰና ወደ ወንበሩ አመለከተ።

«ይቅርታ፣ ሰው አለው?»

እጇን ቦርሳው ላይ ጫነች።

«አዎ» አለችው። «ሰው አለው።»