ስኳር ድንቹ ላይ የቆመው አውቶቡስ

ዶክተር ቨርኔታ ፔይን ወደ ላይኛው ማሳ የወጣችው ማሳውን ያጠረችበትን ገመድ ለማየት ነበር። የቀድሞ ተማሪዎች በዓመት አንዴ ወደ ግቢያቸው የሚመለሱበት ቅዳሜ ነው። የማርሽ ባንዱ ከበሮ ከማለዳው ጀምሮ ጆሮ ይበሳል፤ ከየመኪናው ኋላ የጎድን ጥብስ ጭስ ይትጎለጎላል። በዚያ ቀን በመላው አላባማ ለጥቁር ሰው ከዚያ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ የተሻለ ቦታ የለም።

ገመዱ ግን የለም። ስኳር ድንቹ መሐል ቤት የሚያህል አውቶቡስ ቆሟል።

የምርምር ኃላፊዋ እሷ ነች። ድርቅ የሚችል የስኳር ድንች ዘር ሁለት ዓመት በታችኛው ማሳ ሞክራ ስለሰመረላት፣ ዘንድሮ ወደ ላይኛው አሰፋችው። ላይኛው ማሳ ደግሞ ከአያቶች ዘመን ጀምሮ በበዓሉ ቀን መኪና የሚቆምበት ነው። በግንቦት የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሃስኬል፣ «መኪና ለሚያቆሙት ሰዎች እኔ እነግራለሁ፤ አንቺ ትከዪ» ብሏት ነበር። ድንቹ ሰኞ ተነቅሎ ይመዘናል። ካልተመዘነ የምርምሩን ገንዘብ የሚሰጡት ዋሽንግተን ያሉት ሹሞች ሥራውን ነጥቀው ማዶ ላለው ለነጮቹ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ይሰጡታል። የዚያ ሰዎች ድሮም «እናንተ ትከሉ፤ ማስተዳደሩን ለእኛ ተዉት» እያሉ እንደ ሕፃን ሲያባብሏት ኖረዋል። ያን ስድብ ውጣ ውጣ እዚህ ደርሳለች። አሁን የገዛ ሰዎቿ ለስድቡ ምስክር ሆነው ቆሙላት።

በአውቶቡሱ ጥላ ሥር ሽማግሌው ክሌተስ ብራውንሊ ሥጋ ያገላብጣል። የቀብር አገልግሎት ቤቶች አሉት፤ በከተማው እሱ ያልቀበረው ጥቁር ቢኖር ገና ያልሞተው ነው።

«ነይ የኔ ልጅ፣ አጥንት ያዢ!» አላት። «ይኼን ሁሉ ተምረሽ መብላት አላስተማሩሽም?»

«ሚስተር ብራውንሊ፣ ምን ላይ እንደቆሙ ያውቃሉ?»

«ቦታዬ ላይ ነዋ! ፀጉሬ ሳይሸብት የቆምኩበት።»

«ምርምሬ ላይ ነው የቆሙት። ገመዱን ማን ፈታው?»

«የምን ገመድ? ፕሬዚዳንቱ ራሱ እጁን እያወዛወዘ አስገባኝ። ይኼ ሁሉ ሐረግ አረም መስሎኝ፣ ማጨድ እንኳ አቃታቸው እያልኩ እየሳቅሁ ነው የነዳሁበት።»

ሃስኬል በዚህ መሐል ከረባቱን እያስተካከለ ደረሰ። ከነጮቹ ጋር ሲቀመጥ ማር ነው፤ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት እሱ ነው።

«ቨርኔታ፣ ዛሬ እንኳ ፊትሽን ፍቺው።»

«ገመዱን እርስዎ ነዎት የፈቱት?»

«ፈታሁት። ሰውዬው ለስታዲየማችን አዲስ የውጤት ሰሌዳ ሊሰጠን ነው። ለድንች ብዬ ሂድ ወዲያ ልበለው? ድንች እንደሆነ መልሶ ይበቅላል።»

ብራውንሊ የሥጋ መቆንጠጫውን አስቀመጠ። «ቆይ። አንተ ታውቅ ነበር?»

«ሚስተር ብራውንሊ፣ ነገሩ—»

«ዕድሜዬን ሙሉ ሬሳ ሳመላልስ የሰው መቃብር ላይ ነድቼ አላውቅም። የልጅቷን ልፋት በእኔ ጎማ አስረገጥከው!» ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። «አሁኑኑ አወጣዋለሁ።»

«እንዳይነኩት!» ቨርኔታ ጮኸች፤ በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። «ሲገቡ ግማሹን ፈጁት፣ ሲወጡ የቀረውን ሊጨርሱት ነው? ቁልፉን ለእኔ ይስጡኝ።»

ሽማግሌው ሰጣት።

«አብደሻል?» አለ ሃስኬል። «በጨዋታው እረፍት ሰዓት ሰውዬው በዚያ አውቶቡስ ነው ሜዳ የሚገባው! ፎቶ አንሺ እየጠበቀ ነው!»

«በእግሩ ይግባ።»

«ቁልፉን አምጪ። አለዚያ ከሰኞ ጀምሮ ሥራ የለሽም።»

እስከዚያች ሰዓት «እርስዎ» ስትለው የኖረችው ሴት አፏ ተፈታ።

«ስማ ሃስኬል! ማዶ ያሉት አትችሉም ሲሉኝ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩ። አንተ ግን በገዛ እጅህ እውነታችሁን ነው አልካቸው። ለሰሌዳ! ለፎቶ! ሥራህን ውሰደው። ድንቹን ግን ሰኞ ነቅዬ፣ የተረፈውን መዝኜ፣ የሞተውንም ማን እንደገደለው ጽፌ ነው የምሄደው።»

ሃስኬል ቁልፉን ሊነጥቃት ወደፊት ተራመደ፤ አንድ እግሩ ሐረጉ ላይ ሊያርፍ ነው።

«በዳር ዙር!» ብላ አንባረቀችበት።

የሚያብረቀርቅ ጫማው አየር ላይ ቀረ። ዙሪያውን ቢያይ ሁሉም እግሩን ነው የሚያየው። ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መለሰውና፣ በዳር ዞረ።